አፈሩን ራቁቱን አትተዉት

(ለጓሮ አትክልት ወዳጆች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

ጤና ይስጥልኝ። ወሬውን ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላሳያችሁ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ብርጭቆ ውሃ አለ። በእጄ ደግሞ ሁለት የደረቁ ጓሎች ይዣለሁ። እያንዳንዳቸው የአውራ ጣት ጫፍ ቢያክሉ ነው። አንዱን ያመጣሁት ግቢዬ ጥግ ካለው ዛፍ ስር ነው። እዚያ ቅጠል ይረግፋል፤ ማንም አይጠርገውም፣ ማንም አይቆፍረውም። ሌላው የመጣው ከአትክልት መደቤ ነው፤ ለዓመታት በዶማ ስገለብጠው፣ አረሙን ለቅሜ ሳጸዳው፣ ፀሐይ ሲመታው ከኖረው መደብ። በሁለቱ መካከል አሥር እርምጃ አይሞላም። አፈሩ አንድ ዓይነት ነው።

አሁን ቀስ ብዬ ልልቀቃቸው።

ከኋላ ያላችሁ ጠጋ በሉ። ከመደቡ የመጣውን አያችሁት? ገና ታች ሳይደርስ አረፋ ተፋ። አሁን ከጎንና ከጎኑ እየተናደ ነው። ውሃው ደፈረሰ። የዛፉ ስር ጓል ግን ቁጭ ብሏል። ትንሽ አየር ለቀቀ እንጂ ቅርጹን ይዟል። ብርጭቆዎቹን እዚሁ እንተዋቸውና በኋላ እንመለስባቸዋለን።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ደረቅ ጓል ውስጥ አየር አለ። ውሃ በድንገት ሲገባ አየሩ መውጫ ያጣል፤ ይጨነቅና ጓሉን ከውስጥ ገፍቶ ያፈርሰዋል። የዛፉ ስር አፈር ያልፈረሰው ሙጫ ስላለው ነው። ሙጫውን የሚሠሩት ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ናቸው። ባክቴሪያው የበሰበሰ ቅጠል ሲበላ ዝልግልግ ነገር ያወጣል። ፈንገሱ ደግሞ ከፀጉር የቀጠነ ክር ይዘረጋል። ክሩና ዝልግልጉ የአፈሩን ብናኝ አያይዘው እንክብል እንክብል ያደርጉታል። የሚበሉት ካጡ ሙጫውም ይቀራል።

ይህን ሁላችሁም ጓሯችሁ ውስጥ አይታችሁታል። ከባድ ዝናብ ይጥላል፤ በማግስቱ መደቡ ላይ ስስ ቅርፊት ይሠራል፤ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ትልልቁ የዝናብ ጠብታ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 9 ሜትር ይጠጋል። ያ ጠብታ ሙጫ የሌለውን አፈር ይፈጨዋል። የተፈጨው ብናኝ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ከዚያ የሚቀጥለው ውሃ ወደ ውስጥ መግባቱን ትቶ ላዩ ላይ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ካሮት ዘርታችሁ ጠብ የሚል ነገር ያጣችሁበት ቀን ካለ፣ ዘሩን ከመርገማችሁ በፊት ይህን ቅርፊት ጠርጥሩ።

እንግዲህ መድኃኒቱ ሁለት ነገር ነው። ሰዎች ብዙ ጊዜ ያምታቱታል። አንዱ ብስባሽ ነው፤ ኮምፖስት የምንለው። ሌላው ጉዝጓዝ ነው፤ አፈሩ ላይ የምናለብሰው ገለባ፣ ደረቅ ቅጠል፣ የተቆራረጠ እንጨት። ብስባሹ ለአፈሩ ምግብ ነው፣ ጉዝጓዙ ልብስ ነው። ልብሱ ሲያረጅ እሱም ይበላል። ሁለቱም ኦርጋኒክ ናቸው። ኦርጋኒክ የሚለው ቃል ዛሬ ሻምፑ ላይ ሳይቀር ስለሚለጠፍ ትርጉሙ ጠፍቶብናል። እዚህ እኔ የምለው ቀላል ነው፤ አንድ ጊዜ በሕይወት የነበረ ነገር ሁሉ።

የአፈር ባለሙያዎች ጥሩ አፈር ምን እንደሚመስል ሲያስተምሩ እንዲህ ይከፍሉታል፤ ወደ 45 በመቶ ማዕድን፣ ማለትም አሸዋው፣ ደለሉና ሸክላው፤ 25 በመቶ አየር፣ 25 በመቶ ውሃ፣ ቀሪው 5 በመቶ ኦርጋኒክ ነገር። ሌላውን ሁሉ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ይቺ 5 በመቶ ናት። በየጊዜው በሚታረስና ምንም በማይመለስለት መሬት ላይ ግን 1 ወይም 2 በመቶ ላይ መውረዷ የተለመደ ነው። እኛ ደግሞ ምን እናደርጋለን? ጠዋት መጥረጊያ ይዘን ቅጠሉን እንጠርጋለን። በጆንያ ሞልተን እናስወጣለን። ከሰዓት ማዳበሪያ ልንገዛ እንሄዳለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኦርጋኒክ ነገር ለአፈሩ ስትሰጡ ከላይ አልብሱት እንጂ አትቅበሩት። ይህን የምለው በመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም፤ ተቀጥቼበት ነው።

የጓሮ ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ሰጋቱራ ለአፈር ጥሩ ነው ሲባል ሰማሁ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንደሚባለው፣ አራት ጆንያ ሰጋቱራ አምጥቼ በዶማ ከመደቡ ጋር ደህና አድርጌ አዋሃድኩት። አፈሩ ቦካ ቦካ አለልኝ፤ ደስ ብሎኝ ቃሪያ ተከልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ችግኞቹ ከታችኛው ቅጠል ጀምረው ቢጫ ሆኑ። ውሃ ጨመርኩ፤ ባሰባቸው። ውሃ ቀነስኩ፤ ያው ነው። ወቅቱን ሙሉ ከጉልበቴ በላይ ሳያድጉ ቀሩ።

ነገሩ የሂሳብ ጉዳይ ነበር። አፈር ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን የሚበሉት ነገር ለእያንዳንዱ 1 እጅ ናይትሮጅን 25 እጅ ገደማ ካርቦን ቢኖረው ይስማማቸዋል። ሰጋቱራ ግን ለ1 ናይትሮጅን ከ200 እስከ 500 ካርቦን ይይዛል። ስለዚህ ያን ሁሉ ካርቦን ለመብላት የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከአፈሩ ይሻማሉ። ቃሪያዬ ሊበላው የነበረውን ናይትሮጅን እነሱ ቀድመው በሉት። ናይትሮጅኑ አልጠፋም፤ እነሱ ሲሞቱ ይመለሳል። ግን ያ የሚሆነው ከወራት በኋላ ነው፤ ቃሪያው እስከዚያ አይጠብቅም።

ያው ሰጋቱራ፣ ወይም ከሱ የተሻለው የተቆራረጠ እንጨት፣ ከላይ ቢነጠፍ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ሽሚያው የሚካሄደው እንጨቱና አፈሩ በሚነካኩበት ስስ ገጽ ላይ ብቻ ነው። የቃሪያው ሥር ያለው ከዚያ በታች ነው። እንዲያውም ገጹ ላይ ናይትሮጅን ማጠሩ የሚበቅለውን ትንንሽ አረም ያዳክምልናል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰጋቱራ በጣም ስለሚላም ወፍራም አድርጋችሁ ካነጠፋችሁት እርስ በርሱ ተጣብቆ ውሃ አላስገባም ይላል። ምርጫ ካላችሁ ሻካራውን እንጨት ውሰዱ።

«ካልቆፈርነው እንዴት ወደ ታች ይገባል?» ትሉኝ ይሆናል። ለዚህ ሠራተኛ አለላችሁ፤ የምድር ትል።

ቻርልስ ዳርዊንን ሁላችንም የምናውቀው በዝግመተ ለውጥ ነው። የመጨረሻው መጽሐፉ ግን ስለ ምድር ትል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1881 ታተመ፤ እሱም በዓመቱ አረፈ። ያ ሁሉ ዝና ያለው ሰው፣ በሽምግልናው፣ ትሎችን በአፈር በተሞላ ማሰሮ ቤቱ ውስጥ ያኖር ነበር። ይሰሙ እንደሆን ለማየት ፒያኖ አስመታላቸው። ድምፁ ምንም አልመሰላቸውም። ማሰሮው ፒያኖው ላይ ሲቀመጥ ግን ንዝረቱ ስለተሰማቸው ጥልቅ ብለው ጉድጓዳቸው ገቡ። ቅጠል ወደ ጉድጓዳቸው ሲጎትቱ በየትኛው በኩል እንደሚይዙ ቆጠረ፤ አብዛኛውን በሹሉ ጫፍ ነው፤ በቀላሉ የሚገባው በዚያ በኩል ስለሆነ። ከዚያ ወረቀት በሦስት ማዕዘን እየቆረጠ ሰጣቸው። አሁንም በብዛት የያዙት በቀጭኑ ጫፍ ነበር። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ ዝናብ ካባራ በኋላ በባትሪ መብራት ጓሮ እየዞርኩ አያለሁ። መሬት ውስጥ ግማሽ ድረስ የተሰካ፣ እንደ ሲጋራ የተጠቀለለ ቅጠል ካያችሁ፣ የነሱ ሥራ ነው።

ትሉ ቅጠሉን ያወርዳል፤ ከአፈር ጋር በልቶ በኩስ መልክ ይመልሰዋል። የሄደበት ቀዳዳ ለውሃና ለአየር መንገድ ይሆናል። በዶማ ስትገለብጡ ያን መንገድ ታፈርሳላችሁ። በዚያ ላይ አየር በብዛት ስለሚገባ ያለችው ኦርጋኒክ ነገር ቶሎ ትቃጠላለች። አዲስ መደብ ስትከፍቱ፣ መሬቱ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ አንድ ጊዜ መቆፈርን አልከለክልም። በየወቅቱ መገልበጥ ግን ልማድ ነው እንጂ ግዴታ አይደለም።

እሺ፣ በምን እናልብሰው? ያላችሁበት ቦታ የሚሰጣችሁን። ደረቅ ቅጠል ካለ እሱን የሚያህል የለም። ሰፋፊ ከሆነ ቀድማችሁ ረግጣችሁ ወይም ቆራርጣችሁ ሰባብሩት፤ አለዚያ እንደ ተደራረበ ወረቀት ይጣበቃል። ገለባ ቀላልና አየር የሚያስገባ ነው፤ ለአትክልት መደብ እመርጠዋለሁ። ድርቆሽ ከገለባ ይለያል፤ ዘር የበዛበት ስለሆነ አረም እየዘራችሁ ነው ማለት ነው። ካርቶን አረም የበዛበትን ቦታ ለማፈን ግሩም ነው፤ ፕላስተሩንና የብረት መርፌውን ነቅላችሁ፣ ጠርዙን አንድ ስንዝር አደራርባችሁ፣ አርጥባችሁ፣ ከላይ ሌላ ጉዝጓዝ ጨምሩበት። ብቻውን ከተተወ ንፋስ ይጫወትበታል።

የታጨደ እርጥብ ሣር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ። አንድ ጊዜ አንድ ወዳጄ ሙሉ የእጅ ጋሪ ትኩስ ሣር አመጣልኝ። ጊዜም አልነበረኝም፤ ቲማቲሙ ስር እንዳለ ገለበጥኩት። በሦስተኛው ቀን እጄን ስሰድበት ያቃጥላል። በሳምንቱ ደግሞ አረንጓዴ ልጋግ ሆነ፤ ሽታው አያድርስ ነው። ሣር ናይትሮጅን የበዛበት ነው፤ ሲከመር ይግላል፣ አየር ሲያጣ ይቦካል። ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር በትኑት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ድገሙት። ወይም ከደረቅ ቅጠል ጋር ቀላቅሉት።

ውፍረቱስ? ለአትክልት መደብ ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር፣ ለዛፍ ስር በተቆራረጠ እንጨት እስከ 10። ሁለት ሴንቲሜትር ገለባ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል፣ አረሙ ይወጣል፣ እናንተም «ጉዝጓዝ አይሠራም» ብላችሁ ትተዉታላችሁ። ሂሳቡ ቀላል ነው። 1 ካሬ ሜትር በ5 ሴንቲሜትር ለመሸፈን 50 ሊትር ያስፈልጋል። 10 ካሬ ሜትር ከሆነ 500 ሊትር። ቅጠልና ገለባ ደግሞ ቶሎ ስለሚረግብ ከሚመስላችሁ በላይ ሰብስቡ።

ከማልበሳችሁ በፊት መሬቱን በደንብ አጠጡ። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። ደረቅ አፈር ላይ ደረቅ ጉዝጓዝ ካለበሳችሁ ካፊያ ሲመጣ ጉዝጓዙ ውሃውን ጠጥቶ ያስቀረዋል፤ ታች ያለው ተክል በደመና ስር ይጠማል። እርጥብ አፈር ላይ ከሆነ ግን እርጥበቱን ይዞ ያቆይላችኋል። ጣታችሁን ጉዝጓዙ ስር ሰዳችሁ ሳትፈትሹ አታጠጡ። እኔ ውሃ ማብዛት የተውኩት እንዲህ እየዳበስኩ ነው።

ደቃቅ ዘር ከዘራችሁ፣ ሰላጣ ወይም ካሮት፣ ዘሩ በቅሎ ቁመቱ ጣት እስኪያክል አታልብሱት። ብርድ አገር ያለ ሰው ደግሞ በፀደይ መሬቱ እስኪሞቅ ይታገስ፤ ጉዝጓዝ ሙቀት እንዳይወጣ ብቻ ሳይሆን እንዳይገባም ይከለክላል።

የዛፍ ግንድ። እባካችሁ የዛፍ ግንድ። ጉዝጓዝ ግንዱ ዙሪያ እንደ ጉብታ ሲቆለል አያለሁ፤ ሰው ውለታ የዋለለት ይመስለዋል። የግንድ ቅርፊት ሁልጊዜ አየር ይፈልጋል። እርጥብ ነገር ሲታቀፈው ይበሰብሳል፤ አይጥ ደግሞ ተደብቆ ይግጠዋል። አንድ ጎልማሳ የሎሚ ዛፍ በዚህ ገድያለሁ። ከግንዱ አንድ ጡጫ ወይም አንድ ስንዝር ራቁ፤ መሐሉ ባዶ የሆነ ቀለበት ይሁን። ወደ ውጭ ግን ቅርንጫፉ እስከዘረጋበት ድረስ አስፉት፤ ውሃ የሚጠጡት ሥሮች ያሉት እዚያ ነው።

ስለ ብስባሽ ብዙ አልልም፤ ብዙዎቻችሁ ትሠሩታላችሁ። ክምሩ ቁመቱም ወርዱም 1 ሜትር ገደማ ሲሆን ሙቀቱን ይይዛል። በመጠን አንድ እጅ እርጥብ፣ እንደ ትኩስ ሣር ያለ፤ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ደረቅ፣ እንደ ደረቅ ቅጠል ያለ። እርጥበቱ ውሃው እንደተጨመቀ ስፖንጅ ይሁን። በደንብ ከሠራ ውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ በዚያ ሙቀት ብዙ የአረም ዘርና ጀርም ይሞታል። አፍንጫችሁ ከቴርሞሜትር አያንስም። አሞንያ ከሸተተ እርጥቡ በዝቷል፤ ደረቅ ጨምሩ። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥቷል፤ ገልብጡት። ሲደርስ የሚሸተው ከዝናብ በኋላ የሚሸተተውን አፈር ነው። ያን ሽታ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ጂኦስሚን ይባላል። የሰው አፍንጫ ለዚህች ሽታ የሚገርም ነው፤ ከትሪሊዮን ጥቂት እጅ ብትኖር እንኳ ይለያታል።

ብስባሹን በዓመት ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር በትኑና ጉዝጓዙን ከላዩ ላይ አልብሱ። ይበቃል። በየዓመቱ አንድ ስንዝር የሚያፈስ ሰው አውቃለሁ። ጥሩ ነገር ሲበዛ አይጎዳም ይላል። ይጎዳል፤ ፎስፈረስና ጨው ይጠራቀማል፣ ከተጠራቀመ ደግሞ በቀላሉ አይወጣም።

ጥሬ ፍግ ላይም ችኩል አትሁኑ። ትኩስ ከሆነ ሥር ያቃጥላል፤ በሽታ አምጪ ጀርምም ይዟል። በአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ፣ ፍሬው ወይም ቅጠሉ አፈር የሚነካ ተክል ከሆነ ጥሬ ፍግ ከተጨመረ እስከሚለቀም ቢያንስ 120 ቀን ማለፍ አለበት፤ የማይነካ ከሆነ 90 ቀን። ለጓሮም የሚበጅ ልክ ነው። የውሻና የድመት ኩስ ግን ጭራሽ አይግባ።

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ እሱን ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል። አንድ ዓመት ከአንድ ሻጭ ገለባ ገዛሁ። ንጹሕ፣ ወርቅ የመሰለ። መደቡን አለበስኩት። በወሩ ባቄላዬ ቅጠሉ ወደ ላይ እንደ ማንኪያ ተጎነበሰ፤ የቲማቲሙ ጫፍ ፈርን እንደሚባለው ተክል ለጋ ቅጠል ተጠቀለለ። ውሃ ነው? በሽታ ነው? የጸረ አረም መድኃኒት ነበር። አሚኖፒራሊድና ክሎፒራሊድ የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ። ሣርና እህልን አይነኩም፤ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ይገድላሉ። ክፋታቸው እንስሳው ሣሩን ቢበላው እንኳ በፍጉ ውስጥ አልፈው መውጣታቸው ነው። ብስባሽ ውስጥም ለወራት ይቆያሉ። ሻጩን ጠየቅሁት፤ «እኔ ምን አውቃለሁ» አለኝ። ምናልባት እውነቱን ነው።

ከዚያ ወዲህ ምንጩን የማላውቀውን ገለባ ወይም ፍግ ሳልፈትን አላስገባም። ሦስት ጣሳ ላይ ጥርጣሬ ያለበትን ነገር ከአፈር ጋር ቀላቅላችሁ ሙሉ። ሌላ ሦስት ጣሳ ላይ ያንኑ አፈር ብቻውን። ሁሉም ላይ ባቄላ ዝሩ። ጣሳዎቹን አራርቁ፤ የአንዱ ውሃ ወደ ሌላው እንዳይሄድ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የተቀላቀለው ብቻ ከተጠማዘዘ፣ ነገሩን ወደ መደባችሁ አታቅርቡት።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።

ስለ ምስጥ ተጠየቅሁ። ምስጥ ያለበት ቦታ ከሆነ ጉዝጓዙን ከቤት ግድግዳ ቢያንስ አንድ ክንድ አርቁት፤ በተለይ እንጨትና ካርቶን። አትክልቱ ላይ ስስ አድርጋችሁ ቶሎ የሚበሰብስ ነገር ተጠቀሙ። ስለ ቀንድ አውጣ፤ አዎ፣ እርጥብ ጉዝጓዝ ይወዳል። ችግኙ ለጋ ሳለ ዙሪያውን ባዶ ተዉለት፤ ሲጠነክር አስጠጉት። ማታ በባትሪ መልቀምም አለ። ለትሎቹም ትወጡ የለ?

እስኪ ብርጭቆዎቹን እንያቸው። የመደቡ አፈር ታች ደለል ሆኗል። የዛፉ ስር ጓል አሁንም ቅርጹ አለ፤ ከጎኑ ትንሽ ብቻ ተሸርፏል። ወራርዳችሁኝ ቢሆን ኖሮ አሸንፌ ነበር።

የመጨረሻው ጥያቄ ከፊት ካሉት እናት ነው። «ታዲያ የዛፉን ስር አፈር ቆፍሬ ወደ መደቤ ባመጣውስ?» አሉኝ። ይሠራል፤ ለአንድ ወቅት። ከዚያ ራቁቱን ከሆነ እንደ ድሮው ይሆናል፤ የዛፉም ሥር ይጎዳል። ቅጠሉን ይውሰዱ፣ እማማ። ሁሉንም ግን አይውሰዱበት፤ ግማሹን ለዛፉ ይተዉለት።